ያልወጣው ዓይን

ኅዳር 3 ቀን

ለውድ እህቴ፣ ለዶክተር፤

በያለሽበት ጤና ከአንቺ አይራቅ። እናታችን ደህና ናት፤ ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው። እኔ ግን ይህን የምጽፍልሽ በአንድ ዓይኔ ነው። ደንግጠሽ ወረቀቱን እንዳታስቀምጪው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የዛሬ ሳምንት ገደማ፣ ጥቅምት 27፣ የወፍጮ ዘንግ አምጥተውልኝ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ አስሬ ስሠራ ነበር። ዘንጉ ላይ የነከሰ ቀለበት አልወጣ ቢለኝ በመሮና በመዶሻ መታሁት። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። አዎ፣ ግንባሬ ላይ። ላብ ሲያደበዝዘው ገፋ አድርጌው ረሳሁት። በሦስተኛው ምት ከመሮው ጫፍ የተሰነጠረ ብረት፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ፣ ግራ ዓይኔ ገባ። ሕመሙ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ሙቅ ውኃ በጉንጬ ሲወርድ ብቻ ነው የተሰማኝ። ውኃ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ብረቱን አውጥተው ሰፉኝ። ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት። ትናንት መብራት አበራችብኝና ይታይዎታል ወይ አለችኝ። አልታየኝም። ደግማ አበራች። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋችና፣ ጆሮዬ እንደማይሰማ ስለምታውቅ፣ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈችልኝ፦ «ይህ ዓይን ከእንግዲህ አያይም። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ካልወጣ ጤነኛውንም ሊያሳምመው ይችላል።»

«የተመታው ግራው፤ ቀኙ ምን አገባው?» አልኳት።

«ደም ያገናኛቸዋል» ብላ ጻፈች።

ባለቤቴ ይውጣ ትላለች። እናታችን ደግሞ «ዶክተሯ ልጄ ሳትናገር የወንድ ልጄን ዓይን ማንም አይነካም» ብላ በር ላይ ተቀምጣለች። ስልክ እንዳልደውል ጆሮዬን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረቱ በልቶታል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ በሰው አፍ አልጠይቅም። የዓይን ሐኪም እህት እያለችኝ በባዳ ቃል ዓይኔን አላስወጣም። ቀኑ ኅዳር 11 ያልቃል። አንድ ቃል ይበቃኛል፦ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ወንድምሽ


ኅዳር 7 ቀን

እንደ አባት ላሳደጉኝ ወንድም ጋሼ፤

ምሕረቱን ያቅርብልዎ። ደብዳቤዎ ዛሬ፣ በአራተኛው ቀኑ ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት።

ሐኪሟ ያለችዎት ነገር ፈጠራ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይን ከሰውነት ሁሉ ተለይታ እንደተዘጋች ጓዳ ናት። በደማችን ውስጥ የሚዞሩት ጠባቂዎች፣ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉት፣ የዓይንን ውስጥ እንደልባቸው አይፈትሹም። ብረቱ ግድግዳውን ሲቀድ ከውስጥ ያለው ሥጋ ወደ ውጭ ፈሰሰ፤ አንገት ሥር ያለው ንፍፊት ድረስ ሄደ። እዚያ ያሉት ጠባቂዎች አይተውት ስለማያውቁ ባዕድ ነው ብለው ይማሩታል። የተማሩትን ደግሞ አይረሱም። ቀኝ ዓይን ያንኑ ሥጋ ስላለው እሱን ያገኙታል፣ ይቆጣሉ፣ ያቃጥላሉ። ጉዳቱን የሚያደርሰው ተባይ አይደለም፤ የገዛ ዘበኛ ነው።

ግን እኔ በምሠራበት የጥናት ቤት የሚጠናው ይኸው ነው። ከነዚያው ሕዋሳት መካከል ሥራቸው ሌሎቹን «በቃችሁ» ማለት የሆነ አሉ። ቁጣው ሲነሣ ይመጣሉ፣ ያበርዱታል፣ ሥጋው ሳይበላሽ ይቆማል። ዓይን ራሷም የገባባትን ጠባቂ የምታለዝብበት መንገድ አላት። ዛሬ ዛሬ እንደ ድሮው ዓይን ተቸኩሎ አይወጣም፤ ቢቆጣም ጠብታና ክኒን አለው። ሰው በሁለት ዓይን ተፈጥሮ በአንዱ ቀርቶ፣ ፊቱ ተጎድጉዶ ለምን ይኖራል?

የጠየቁኝ አንድ ቃል ነው። ይቆይ።

ታናሽዎ


ኅዳር 26 ቀን

ለዶክተር እህቴ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ። ደብዳቤሽ ኅዳር 11 ከቀትር በፊት ደረሰ፤ ቀጠሮዬ ከሰዓት ነበር። ይዤው ገባሁ። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እህትዎ ምን ላይ ነው የሠለጠኑት?» ብላ ጻፈችልኝ። «ዓይን ላይ» አልኳት። «ዓይን ሰፊ ነው» ብላ ጻፈች። ያኔ ንዴት ያዘኝና፣ «እህቴ የምታውቀው እዚህ የሚደርሰው እኔና አንቺ ካለፍን በኋላ ነው» አልኳት። ኋላ ሳስበው ድፍረት ነበር።

አልተቆጣችም። በራሴ ፈቃድ ዓይኔ አይውጣ ማለቴን የሚገልጽ ወረቀት አስፈረመችኝ፤ በየሳምንቱ ይመላለሱ ብላ አዘዘችኝ፤ በሩ ድረስም ሸኘችኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ፣ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ባለቤቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እናታችን ግን ደብዳቤሽን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታስነብባለች፤ አንዱ «ልጅሽ እንዲህ ታውቃለች እንዴ?» ሲላት ያለችበት ቦታ አይበቃትም። ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። በአንድ ዓይን ርቀት መገመት አስቸግሮኝ ነበር፤ አሁን ለመድኩት።

ሁለት ነገር እፈልግብሻለሁ። አንዱ ያልሽው ጠብታ ነው። ሁለተኛው፣ ነጭ ጋዋንሽን ለብሰሽ የተነሣሽው ፎቶ። ቶርኖ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ደንበኛ ሲገባ ፊት ለፊት በሚያየው ቦታ እሰቅለዋለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለወንድም ጋሼ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ፤ ያዘገየኝ የሥራ ብዛት ነው።

ጠብታውን ከዚህ አገር መላክ አይፈቀድም። ሐኪሟ ታዝዝልዎታለች። በየሳምንቱ እየሄዱ ነው? ስለዚህ ምንም አልጻፉልኝም። ሦስት ነገር ልጠይቅዎ፣ ሦስቱንም ይመልሱልኝ። ቀኝ ዓይንዎን ብርሃን ይወጋዋል? ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝብዎታል? የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ይታይዎታል?

ፎቶውን ሌላ ጊዜ።

ታናሽዎ


ጥር 8 ቀን

ለዶክተር እህቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። ጥያቄሽ ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ አስመሰለኝ። ቀኝ ዓይኔ ብረት ነው፤ በእሱ አታስቢ።

በየሳምንቱ ላልሽው፣ ሐኪሟም ሥራ አላት እኔም ሥራ አለኝ። ሁለቴ ሄጃለሁ፤ ደህና ነው አለች፤ ከዚያ ወዲህ ጊዜ አላገኘሁም።

ሥራው አለ። ዘንድሮ ፀሐይዋ ከረር ስላለች መስኮቱ ላይ ጆንያ ሰቅያለሁ። ባለፈው አንድ ደንበኛ የሠራሁለትን ብሎን አልገጠመም ብሎ መለሰብኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራ ተመልሶብኝ አያውቅም። ሰውየው ልክ መስጠት ስለማያውቅ ነው። ልኩን አሁን በጥፍሬ እየዳሰስኩ ነው የማረጋግጠው፤ ጣት ከመለኪያ ይበልጣል። ወረቀቱ መስመር ስለሌለው ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ።

ጠብታውን ተዪው። ይልቅ ጠንከር ያለ የማንበቢያ መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ። ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ አርባ ስምንት ቀልድ አይደለም።

ወንድምሽ


ጥር 19 ቀን

ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታውን ይለፉኝ። ዕድሜ አይደለም። ጆንያ የሚሰቀለው ለፀሐይ አይደለም። ፊደልዎ ካለፈው ደብዳቤ እጥፍ ሆኗል፣ መጨረሻው መስመር ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

ይህን ወረቀት እንደያዙ ዛሬውኑ ይሂዱ። ጠባቂዎቹ ቀኙ ዘንድ ደርሰዋል። ሲጀምሩ ሊያቆማቸው የሚችል መድኃኒት አለ፣ ኮርቲዞን ይባላል፤ በብዛት በክኒን ይሰጣል። ግን ቁጣው ራሱ አይደለም ክፉው፤ ቁጣው ሲቆይ ነው። ሲቆይ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ አያይም። አንድ ቀን አንድ ቀን ነው።

ለሐኪሟ የተናገሯት ካሳፈረዎ በእኔ ያሳብቡ። «ያሳሳተችኝ እህቴ ናት» ይበሏት። እለምንዎታለሁ።

ታናሽዎ


መጋቢት 2 ቀን

ለዶክተር እህቴ፤

ይህን የምትጽፍልሽ ባለቤቴ ናት፤ ቃሉ የኔ ነው። የራሷን ልጨምር ብላ ነበር፣ ከለከልኳት።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ማንበብ አልቻልኩም። ኪሴ ከትቼው ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። እንዲነበብልኝ ብሰጥ፣ እንደማላይ ሊታወቅብኝ ነው። በአራተኛው ቀን ቶርኖው ላይ የማስረውን ብረት ስፈልግ እጄን ወደሚዞረው ሰደድኩ፤ እጅጌዬን ይዞ ጎተተኝ፤ ሸሚዙ ስለተቀደደ ነው ክንዴ የተረፈው። ባለቤቴ በጨርቅ ልትጠቀልለኝ መጥታ ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣችው። በዚያው ሰዓት፣ ጥር 29 ቀን፣ ሐኪሟ ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ዓይኔን አየችው። መብራቷን አስቀመጠች። አልነገርኩዎትም ነበር ወይ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ክኒን ጻፈችልኝ፣ በዓይኔ አጠገብ መርፌ ወጋችኝ፣ በየሁለት ቀኑ አየችኝ። ፊቴ እንደ ሊጥ ተነፋ። ሕመሙ ቆሟል፣ ቅላቱ ጠፍቷል። ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። መስኮቱ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሰው በፊቴ ሲያልፍ ጥላ ያልፋል። ልጆቹን በእርምጃቸው ነው የምለያቸው፤ ጆሮዬ ስለማይሰማ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ።

ዕውር ምን ይሻል ቢሉት ብርሃን አለ ይባላል። እንግዲህ የቀረኝ አንቺ ነሽ። አስመጪኝ። ወደምትሠሪበት ሆስፒታል አስገቢኝና አንቺ ራስሽ እዪኝ። የሌላ ሐኪም እጅ አልፈልግም።

ወንድምሽ


መጋቢት 24 ቀን

ወንድም ጋሼ፤

ይህን የምታነብልዎ እትዬ ናት። እትዬ፣ እባክሽ ሳትዘልዪ አንብቢው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የምሠራው የዓይን ጥናት በሚደረግበት ሕንፃ፣ አይጦቹ በሚቀመጡበት ምድር ቤት ነው። ሣጥናቸውን አጥባለሁ፣ ውኃቸውን እሞላለሁ፣ ለምርመራ ሲፈለጉ በማጅራታቸው ይዤ አቀርባለሁ። አጥኚዋ ዓይናቸውን በማጉያ እያየች ከዜሮ እስከ አራት ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዜሮ ጤነኛ ነው። አራት ማለት ውስጡ የጠፋ ዓይን ነው። ኅዳር ላይ የጻፍኩልዎት ሁሉ አጥኚዎቹ ዓርብ ዓርብ ሲሰበሰቡ በር አጠገብ ቆሜ የሰማሁት ነው።

ትምህርቱ በሁለተኛው ዓመት አቃተኝ። ይህን መጻፍ አፍሬ «ከዓይን ሐኪሞች ጋር ነው የምሠራው» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነበር። እርስዎ በመልሱ ፖስታ ላይ «ለዶክተር» ብለው ጻፉበት። ያን ቀን ፖስታውን መመለስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ከፈትኩት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ።

ኅዳር 7 ቀን ደብዳቤዎን ሳነብ፣ ከራሴ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ዕድሜያቸውን በዚህ ጉዳይ የጨረሱ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ደረጃ ወጥቼ መጠየቅ እችል ነበር። «ለማን ነው? ማን ነሽ ብሎ ጠየቀሽ?» እንዳይሉኝ ፈርቼ ቀረሁ። ከዚያ ይልቅ ከሰማሁት ውስጥ ደስ የሚለውን መርጬ ላክሁልዎ። እነዚያ የሚያበርዱት ሕዋሳት አሉ፤ አልዋሸሁም። ግን አንዳንዱ አይጥ ላይ በጊዜ ይደርሳሉ፣ አንዳንዱ ላይ ሁሉም ነገር ጠባሳ ከሆነ በኋላ ይመጣሉ። ከአሥሩ ስንቱ አራት እንደሚያገኝ አውቅ ነበር። ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ደረጃውን ወጣሁ። ኃላፊዋን ስለ አንድ ሰው ልጠይቅዎ አልኳት። ሰማችኝና «የተመታው ዓይን ብርሃን ያይ ነበር?» አለች። አያይም አልኳት። «እንግዲያው ሐኪሟ ልክ ነበረች። የሚያይ ዓይን ቢሆን እኛም እናቆየው ነበር፤ ያም ቢሆን በየሳምንቱ እየታየ። ማን ነው ይቆይ ብሎ የመከረው?»

«ዘመድ» አልኳት።

ወደዚህ ስለመምጣትም ጠይቄያለሁ። ሐኪሟ የሰጠችዎት መድኃኒት እዚህም የሚሰጠው ነው። ጠባሳውን የሚያነሣ ሰው የለም።

ይቅር ይበሉኝ ማለት አፌ አይደፍርም። ግን ይበሉኝ።

ታናሽዎ


ሚያዝያ 20 ቀን

ደብዳቤሽ ደርሷል። የምትጽፈው ባለቤቴ ናት።

ቤት ውስጥ ሊነበብልኝ አልቻለም፤ እኔ እስክሰማ ከተጮኸ እናታችን ትሰማለች። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ሄድን፣ በሩን ከውስጥ ዘጋነው፣ ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ አፏን ገጥማ ጮኸች። አይጦቹ ጋ ስትደርስ አፏን ከጆሮዬ አነሣች። ቀጥዪ አልኳት። ውሸትሽን እንዲህ ነው የሰማሁት። አንቺ በለሆሳስ የጻፍሽውን እሷ መጮህ ነበረባት።

እኔም የራሴን ልናገር። ጆንያውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ፊት በአንቺ ከተመካሁ በኋላ ዓይኔ ደከመ ብዬ ልመለስባት አፈርኩ። አንቺ ሂድ ያልሽኝን ያህል እኔ ቀረሁ። የታኅሣሥና የጥር ወር ጥፋት የኔ ነው፣ ለአንቺ አላካፍልሽም። የኅዳሩ ግን ያንቺ ነው። እኔም አልወስድልሽም።

ይቅርታ ጠይቀሻል። አሁን የለኝም። ቢኖረኝ በላክሁልሽ።

ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። እህቴ ሐኪም አይደለችም፣ አይጥ ጠባቂ ናት አልኳት። ወረቀት ላይ መጻፍ ከእንግዲህ ስለማይጠቅመኝ መዳፌን ዘርግታ በጣቷ ነው የምታናግረኝ፤ አንድ ፊደል፣ ከዚያ አንድ ፊደል። «ጠርጥሬ ነበር» ብላ ጻፈች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። «አያምኑኝም ነበር» አለች። እውነቷን ነው። አላምናትም ነበር።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የእናታችንን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ደብዳቤሽን ለእንግዳ ታስነብብ የነበረው ለክብሯ ብቻ አልነበረም፤ ራሷ ማንበብ አቅቷት ኖሯል። እንግዲህ ከእኔ ነው የወረሰችው ወይስ እኔ ከእሷ፣ ደብቀን መታወር ቤተሰባችን ውስጥ አለ። ሐኪሟ አይታታለች። ሞራው ሲወጣ ታያለች ብላለች፤ ቀላል ነው። እናታችን ግን «የልጄን ዓይን ያጠፉት እነሱ ናቸው፤ ዶክተሯ ልጄ ሳትጽፍልኝ ማንም አይነካኝም» ብላ አሻፈረኝ አለች።

እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ብነግራት ሐኪምም ልጅም የማታምን ዕውር ሆና ትቀራለች። በአንድ ቤት እኔ እበቃለሁ።

ስለዚህ ጻፊላት። እንደ ዶክተር አድርገሽ ጻፊላት። ሐኪሟ ያለችሽን አድርጊ በያት። ፊርማሽ ላይ ማዕረጉን እንዳትረሺ፤ ከታች ምን ብለሽ እንደፈረምሽ አስነብባ ትጠይቃለች።

ከዚያ በኋላ ለእኔ አትጻፊልኝ። ሚስቴን በጩኸት አታድክሚያት።


ግንቦት 1 ቀን

ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ። ስለ ዓይንሽ ሰምቻለሁ፤ አስቤበትም ነው የምጽፍልሽ። ሞራው ይውጣ። ሐኪሟ ቀን በቆረጠችልሽ ቀን ሂጂ፣ ያዘዘችሽን ጠብታ በሰዓቱ አድርጊ፣ ተመለሺ ባለችሽ ቀን ሁሉ ተመለሺ፣ ደህና ብትሆኚም ተመለሺ። እጇ መልካም ነው። የወንድም ጋሼን ዓይን ያጠፋችው እሷ አይደለችም፤ እንዲህ ብለሽ እንዳትናገሪባት። በዚህ ሙያ ከእሷ የምበልጠው ነገር የለም።

ከእሷና ከእኔ ቃል የሚለያይ ነገር ከሰማሽ የእሷን ያዢ።

ማሰሪያው ሲፈታልሽ መጀመሪያ የወንድም ጋሼን ፊት እዪልኝ። ደህና ነኝ ይልሻል። አንቺ አይተሽ ጻፊልኝ።

ልጅሽ፣
ዶክተር